ተቀምጦ ማደር
የልብ ሕመም፣ እንቅልፍና የቆላው ሌሊት

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አገር ያያል። ማለዳ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረው ሰው ነጋዴ ባሕርን አልፎ ገንዳ ውሃ ሲደርስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ይጣበቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነው የሱዳን ወሰን ቆላ ወርዷልና ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም በሚያዝያ ወር ይህንኑ መንገድ ወርደን ገንዳ ውሃ ላይ በአንድ ወዳጃችን ቤት አደርን። ከሐሩሩ የተነሣ ቤተሰቡ ሁሉ አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ በአጎበር ሥር ይተኛል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነቅተን ብናይ የወዳጃችን አባት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያልፍ አዛውንት፣ እግራቸውን ከአልጋው ጠርዝ አንጠልጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ደግፈው ተቀምጠዋል። ጠዋት «እንደምን አደሩ፣ አባባ?» ብለን ብንጠይቃቸው ፈገግ ብለው፣ «ተቀምጬ አደርኩ ልጄ» አሉን። «ጋደም ስል ያፍነኛል። አምና አንድ ትራስ ይበቃኝ ነበር፤ ዘንድሮ ሦስት ደርድሬም አልሆነልኝም። ሐሩሩ ነው መቼስ።»

እኛም ሐሩሩ ነው ብለን አመንን። የአየር ማራገቢያ እንዲገዛላቸው መክረን ተመለስን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዛውንቱ በጭንቅ ላይ ሆነው ሆስፒታል መግባታቸውን ሰማን። ሕመማቸው የልብ ድካም ነበር። እነሆ ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን የፈሳሽ ግፊትን ቀመር ለተማሪዎቻችን ስናስተምር የኖርን ሰዎች፣ ያው ቀመር በአንድ አልጋ ላይ በሦስት ትራስ ተጽፎ ሲታይ ማንበብ ሳንችል ቀረን።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። ልንለው የምንሻው ነገር አንድ ነው። በልብ ሕመምተኛ ላይ የሚደርስ የእንቅልፍ መታወክ ከዋናው ሕመም ጎን የቆመ ተራ ብሶት አይደለም። ብዙ ጊዜ የልቡን ሁኔታ የሚነግር መለኪያ ነው። መለኪያውን ለማንበብ የሚያስፈልገው ዕውቀት አብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ይገኛል።

ጤነኛ ልብ በሌሊት

እንቅልፍ ለልብ የዕረፍት ሰዓት ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ቆሞ በሚሠራበት ጊዜ ካለው የደም ግፊት በሌሊት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ይቀንሳል፤ የልብ ምትም ይዘገያል፤ የሰውነት የውስጥ ሙቀትም በጥቂቱ ዝቅ ይላል። በየሌሊቱ የሚገኘው ይህ ዕፎይታ ሲጓደል ልብና የደም ሥሮች ያለ ዕረፍት እንደሚሠራ ሞተር ይጎዳሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ለልብና ለደም ሥር ጤንነት መሠረት የሆኑትን ነገሮች ሲዘረዝር፣ ከምግብ፣ ከእንቅስቃሴ፣ ከትንባሆ መራቅና ከመሳሰሉት ጎን እንቅልፍን ስምንተኛ አድርጎ የጨመረው ስለዚህ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው።

ነገሩ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። እንቅልፍ ማጣት ልብን ይጎዳል፤ የታመመ ልብም እንቅልፍን ይነሣል። በመጀመሪያ ሁለተኛውን እንመልከት።

የደሙ ዓምድ ሲጋደም

የፈሳሽ ግፊት ከፈሳሹ እፍግታ፣ ከመሬት ስበትና ከፈሳሹ ከፍታ ብዜት እንደሚገኝ ማንኛውም ተማሪ ያውቃል። እስቲ ይህን በሰው አካል ላይ እናስላ። የደም እፍግታ በሜትር ኩብ 1,060 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በቆመ ሰው ላይ ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ቁመት 1.2 ሜትር ቢሆን፣ የደሙ ዓምድ በቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚጨምረው ግፊት 12,500 ፓስካል፣ ማለትም 93 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል። ይህ ጥቂት ግፊት አይደለም። በቆምን ጊዜ ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ደም ወደ ታችኛው የሰውነታችን ክፍል ወርዶ የሚከማቸው በዚህ ምክንያት ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ከደም ሥሮቹ የሚወጣው ውኃ በሥጋው መካከል ይጠራቀማልና ወደ ማታ እግሩ ያብጣል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል።

ሰውየው በጀርባው ሲጋደም ዓምዱ አብሮት ይጋደማል። ከፍታው ወደ ዜሮ ስለሚቀርብ እግር ውስጥ የነበረው ደም ወዲያውኑ ወደ ደረት ይመለሳል። ጤነኛ ልብ ይህን ትርፍ ተቀብሎ ያለ ችግር ያስተላልፋል። የደከመ የግራ ልብ ግን የተቀበለውን ያህል መግፋት ስለማይችል፣ ደሙ ከበስተኋላው፣ ማለትም ሳንባ ውስጥ ይቆማል።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ማስታወስ ይጠቅማል። በጤነኛ ሰው የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብዙ አይበልጥም። በደም ውስጥ የሚገኙት ፕሮቲኖች ውኃውን ወደ ደም ሥሩ ስበው የሚይዙበት ኃይል ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ሳቢው ከገፊው ስለሚበልጥ ሳንባ ደረቅ ሆኖ ይኖራል። የደከመው ልብ ደም አጠራቅሞ የሳንባውን ግፊት ከዚያ ወሰን ሲያሳልፈው ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ውኃው ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ታማሚው «ያፍነኛል» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ትራስ ምን ይሠራል? አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በደም ዓምድ ሲለካ 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ታማሚው ቀና ብሎ ሲቀመጥ የሳንባው አናት ከልቡ 13 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ በዚያ ቦታ ያለው ግፊት በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይቀንሳል። ቢያንስ የሳንባው የላይኛው ክፍል ከጎርፉ ይተርፋል። እግሩንም ወደ ታች ሲያንጠለጥል ከሚመለሰው ደም ከፊሉን መልሶ ወደ እግሩ ያወርደዋል። ያ አዛውንት ማንም ሳያስተምራቸው ያን አቀማመጥ የመረጡት ሰውነታቸው ቀመሩን ስለሚያውቀው ነበር።

ሐኪሞች የልብ ድካም ያለበትን ሰው «በስንት ትራስ ይተኛሉ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ጥያቄው ተራ ቢመስልም በቤት ውስጥ የሚገኝ የግፊት መለኪያ ንባብ ነው። ከአንድ ትራስ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት መጨመር በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ ለመሄዱ ምስክር ነው።

ዱካክ ወይስ ልብ?

ሁለተኛው ምልክት ከዚህ ይለያል። ታማሚው ያለ ችግር ይተኛል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን እንደታነቀ ሰው ደንግጦ ይነሣል፤ ይስላል፤ ያልበዋል፤ መስኮት ወይም በር ይፈልጋል፤ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ጥቂት ከቆየ በኋላ ይረጋጋል። የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው። በደም ሥር ውስጥ ያለው ደም ወዲያው ወደ ደረት ሲመለስ፣ ባበጠው እግር ሥጋ መካከል የተጠራቀመው ውኃ ግን ወደ ደም ሥር እየተመጠጠ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ጎርፉ የሚደርሰው ሰውየው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ነው።

በአገራችን ሌሊት ደረትን ተጭኖ ለሚያስጨንቅ ነገር ጥንታዊ ስም አለን፤ ዱካክ ይባላል። ዱካክ የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንጎል ነቅቶ ጡንቻዎች ገና በእንቅልፍ ታስረው ሳሉ የሚያጋጥም ሁኔታ ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው፣ በተለይም እንቅልፍ ያጣ ተማሪ፣ በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ያየዋል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ነገሮች አሉ። ዱካክ የያዘው ሰው መንቀሳቀስ አይችልም፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ጭንቀቱ ወዲያው ይለቀዋል። ከልብ የመጣው ግን ሰውየው ተነሥቶ ከተቀመጠ በኋላም ለደቂቃዎች ያስተነፍሰዋል፤ ያስለዋል፤ በማግስቱም ይደገማል፤ ቀን ላይም ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥራል፤ እግሩም ያብጣል።

በመተማና በአካባቢው ነገሩን የሚያወሳስቡ ሌሎችም አሉ። ወባ ባለበት አገር በሌሊት ማላብና መድከም ለወባ ይሰጣል። አስም ያለበት ሰውም ሌሊት ያፍነዋል። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ሁሉም ነገር ለሐሩሩ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህም መልሱ በግምት ሳይሆን በምርመራ መገኘት አለበት። ለአንድ ነገር ብቻ ማስተባበያ የለውም፤ ተጋድሞ ሲታፈን፣ ቀና ሲል ደግሞ የሚሻለው ሰው ልቡ መታየት ይኖርበታል።

ከጉሮሮ የሚጀምር

ወጣት አንባብያን ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው ብለው እንዳያልፉት እንለምናለን። በኢትዮጵያ በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚታየው የልብ ሕመም ዋነኛው መነሻው ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ቁስለት በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያዘጋጀው መከላከያ የራሱን የልብ በሮች ሊያጠቃ ይችላል። ጥቃቱ በተደጋገመ ቁጥር በሮቹ ይጠነክራሉ፤ ይጣበቃሉ። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ መድኃኒት አይደለም፤ ባክቴሪያውን አያጠፋምና። የሚያጠፋው ፔኒሲሊን ነው።

በግራው የልብ ክፍል በላይኛውና በታችኛው ጓዳ መካከል ያለው በር በጤነኛ አዋቂ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ወደ 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሲጠብ ጠባቡ በር ብርቱ ሕመም ይሆናል። በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ፈሳሽ ላይ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት ከፍሰቱ ካሬ ጋር እንደሚያድግ የበርኑሊ ሕግ ይነግረናል። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ልብ በፈጠነ ቁጥር ከሁሉ ይበልጥ የሚያጥረው የልብ መሙያ ጊዜ ነው። ስለሆነም ትኩሳት፣ ሩጫ፣ እርግዝና ወይም የሰሊጥ አጨዳ ሥራ፣ ጠዋት ደኅና የነበረውን ወጣት ማታ ተቀምጦ እንዲያድር ሊያደርገው ይችላል።

ለዚህ ሕመም መፍትሔ ለማግኘት ብዙ ተደክሟል። በሕፃናት የልብ ሐኪሙ በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ለመክፈት በቅቷል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። ይሁን እንጂ ከቀዶ ሕክምና ሁሉ የሚቀድመው በጊዜው የታከመ ጉሮሮ ነው። በሽታው አንድ ጊዜ የጎበኘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ፔኒሲሊን በሩ ይበልጥ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። ለሥራ ከቀዬው ርቆ ወደ ቆላ የሚወርድ ወጣት መርፌውን የሚያቋርጥበት አጋጣሚ ብዙ ነውና ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

የጓንግ ዳር ሞተር

በልብ ድካም ከሚታዩ የእንቅልፍ መታወኮች ለፊዚክስ ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው የትንፋሽ መወዛወዝ ነው። የተኛው ታማሚ ትንፋሹ ቀስ በቀስ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይመጣል፤ በመጨረሻም ለብዙ ሰከንዶች ጨርሶ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አጠገቡ የተኛ ሰው በጨለማ «ሞተ» ብሎ ሲደነግጥ ትንፋሹ ይመለሳል። በደብሊን ይሠሩ የነበሩት ሐኪሞች ጆን ቼይን እ.ኤ.አ. በ1818፣ ዊልያም ስቶክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1854 ስለጻፉበት በሁለቱ ስም ይጠራል።

መነሻው ምንድን ነው? በጓንግ ወንዝ ዳር በውኃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ እናስብ። አንዱ ወንድም ከሞተሩ ዘንድ ተቀምጧል፤ ሌላው በማሳው ጫፍ ቆሞ ውኃው መብቃት አለመብቃቱን ይመለከታል። ማሳው ቅርብ ከሆነ «ጨምር»፣ «ቀንስ» እየተባባሉ ውኃውን በልኩ ያደርሳሉ። ማሳው ሩቅ፣ ቦዩም ረጅም ከሆነ ግን «በቃ!» የሚለው መልእክት ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ በቦዩ ውስጥ ያለው ውኃ ገና እየመጣ ነው፤ ማሳው ይጥለቀለቃል። ሞተሩ ይጠፋል። «ደረቀ!» የሚለውም መልእክት እንዲሁ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱም ወንድማማቾች ትጉዎች ናቸው፤ ያጠፋውም የለም። ማሳው አንዴ የሚጥለቀለቀው አንዴ የሚደርቀው በመዘግየቱ ብቻ ነው።

ሞተሩ ሳንባ ነው፤ ጠባቂው በአንጎልና በአንገት የደም ሥር ውስጥ ያሉት የካርቦን ዳይኦክሳይድና የኦክስጅን መለኪያዎች ናቸው፤ ቦዩም ደም ነው። በጤነኛ ሰው ከሳንባ የተነሣ ደም ከመለኪያዎቹ ዘንድ የሚደርሰው በጥቂት ሰከንዶች ነው። ልብ ሲደክም ደሙ ስለሚዘገይ ጊዜው እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ ሳንባው በውኃ ሲጫን አተነፋፈሱ ይፈጥናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አስቀድሞ ዝቅ ይላል፤ ጥቂት ሲወርድም አንጎል የማስተንፈስ ትእዛዙን ያቆማል። ቀን ላይ ንቁ አእምሮ ይህን ያስተካክለዋል፤ ሌሊት ግን ትእዛዙ ለእነዚህ መለኪያዎች ብቻ ይተዋል። የመዘግየትና የኃይለኛ ግብረ መልስ መገናኘት መወዛወዝን እንደሚወልድ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች በማጉያ ወረዳዎች ላይ ያዩታል።

ከዚህ የሚለየው ሌላው ዓይነት ጉሮሮ ራሱ የሚዘጋበት ነው። ከብርቱ ማንኮራፋት በኋላ ትንፋሽ ይቋረጣል፤ ደረትና ሆድ ለመተንፈስ ይታገላሉ፤ አየር ግን አያልፍም። በካናዳ ቶሮንቶ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት ማታ ከእግር የሚመለሰው ውኃ ከፊሉ እስከ አንገት ደርሶ የጉሮሮን መተላለፊያ ያጠባል። እንግዲህ ያው የተጋደመ ዓምድ በሁለት መንገድ ይጎዳል። በሁለቱም ዓይነት ኦክስጅን በሌሊት ደጋግሞ ይወርዳል፤ የደም ግፊትም ደጋግሞ ይወጣል። ልብ ማረፍ በሚገባው ሰዓት ዳገት ይወጣል ማለት ነው። ታማሚው ምንም ሳያስታውስ ጠዋት ደክሞ ይነሣል፤ ቀን ሲያንቀላፋ ይውላል።

መወዛወዙን በመሣሪያ ማስቆም ልብን ይፈውሳልን? እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ፣ 1,325 የልብ ድካም ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ትሕትናን አስተምሯል። ትንፋሹን እየተከታተለ አየር የሚገፋው ጭምብል የትንፋሽ መቋረጡን በጥሩ ሁኔታ ቀነሰው፤ ነገር ግን የልባቸው የመግፋት አቅም በቀነሰባቸው በእነዚህ ሕሙማን ላይ ሞት ከማነጻጸሪያው ቡድን በልጦ ተገኘ። በንድፈ ሐሳብ ውብ የሆነ ነገር ሁሉ በታማሚ ላይ እውነት አይሆንም። ዛሬም የመጀመሪያው ሕክምና የልብ ድካሙን ራሱን በመድኃኒት ማከም ነው፤ ቦዩ ሲያጥር ሞተሩም ይረጋጋልና።

ቆላው የሚሰጠውና የሚነሣው

አሁን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንመለስ። ቆላው ለልብ ሕመምተኛ ክፉ ብቻ ነውን? አይደለም። በጎንደር ከተማ የአየር ግፊቱ 590 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን በመተማ ወደ 700 ይደርሳል። ከአየር 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በመተማ 18 በመቶ ያህል ይበልጣል። ይህ ለደከመ ልብ ስጦታ ነው።

ቆላው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው የሚወስደው በሙቀት ነው። ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ ግድግዳና ጣሪያ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይተፉታል። የተኛ ሰው 80 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። አካባቢው ከቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ጋር ሲተካከል ሙቀት በጨረርና በነፋስ መውጣቱን ያቆማል፤ የሚቀረው ላብ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ይወስዳል። ሒሳቡን ብንሠራ፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ያን ሁሉ ሙቀት በላብ ብቻ ለማስወጣት አንድ ሊትር ያህል ውኃ ከሰውነት መትነን አለበት። አየሩ በደረቀበት በሚያዝያ ላቡ ይተናል፤ ክረምቱ ገብቶ እርጥበት ሲበዛ ግን ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ የማይተን ላብም አያቀዘቅዝም።

ለልብ ከዚህ የሚከብደው ነገር ሙቀቱን ወደ ቆዳ የሚያደርሰው ደም መሆኑ ነው። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ይረጫል። በብርቱ ሙቀት ጊዜ ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ብቻውን ይህን ሊያህልና ሊበልጥ ይችላል። የደከመ ልብ ይህን ትርፍ ሥራ ከየት ያመጣል? ምቱ ይፈጥናል፤ የጠበበ በር ያለው ሰው ደግሞ መፍጠኑ ምን እንደሚያደርገው ቀደም ሲል አይተናል። አዛውንቱ «ሐሩሩ ነው» ማለታቸው ሐሰት አልነበረም፤ እውነቱ ግማሽ ነበር። ሐሩሩ የተሰወረውን ሕመም ገለጠው።

ውኃና ጨውም እንደዚሁ ናቸው። በሰውነት ውስጥ የቀረ 9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ውኃ አብሮ ያስቀራል። ስለዚህ የልብ ድካም ያለበት ሰው ጨው እንዲቀንስ፣ ትርፉንም ውኃ በሚያሸና ክኒን እንዲያስወጣ ይታዘዛል። በቆላ ግን ላብም ውኃ ይወስዳል። ክኒኑና ላቡ ተባብረው ሰውነትን ቢያደርቁት ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊት ይጎዳል። ይህን ፈርቶ ክኒኑን በራሱ ፈቃድ የሚያቆም፣ ጥማቱንም ለማርካት ያለ ልክ የሚጠጣ ታማሚ ደግሞ ሳንባውን ይሞላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ልኩም በበጋና በክረምት አንድ ላይሆን ይችላል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለታማሚና ለቤተሰብ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁማለን። ምክሩ ሐኪምን ለመተካት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ምን ይዞ መሄድ እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

አንደኛ፣ ትራሶቹ ይቆጠሩ። ቁጥራቸው ከጨመረ፣ ወይም ታማሚው ሌሊት ታፍኖ ከተነሣ፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር። ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም አረፋ የመሰለ አክታ ከመጣ ጉዳዩ የዚያው ሌሊት ነው፤ ንጋትን አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ ክብደት ይለካ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የጨመረ የልብ ታማሚ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነው። በቤት ሚዛን ከሌለ በሰሊጥ አገር ሚዛን አይጠፋም፤ የእህል መጋዘን ሚዛን ለዚህም ያገለግላል። ዋናው ነገር በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት መለካት ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት እንቅልፍን የሚሰብር ከሆነ፣ የሚያሸናውን ክኒን ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪም ይጠየቅ። ሌሊት እንዳይነሡ ብሎ ክኒኑን መተው ግን መታፈንን መጥራት ነው።

አራተኛ፣ እንቅልፍ ለማምጣት ተብሎ አረቄ አይጠጣ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒንም አይወሰድ። አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፤ አንዳንዱ ክኒንም ትንፋሽን ይቀንሳል። በቀላሉ የሚቋረጥ ትንፋሽ ላይ ይህን መጨመር አደጋ ነው።

አምስተኛ፣ በግቢ መተኛት ለሙቀቱ መልካም ነው፤ አጎበር ግን አይቅር። አጎበር ነፋስን በጥቂቱ ቢቀንስም በመተማ ቆላ ወባ አለ፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም አለች። በወባ ትኩሳት የፈጠነ ልብ ከሐሩሩ የባሰ ሸክም ይሸከማል። በደረቁ ወራት ግንባርንና ክንድን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ለልብ ያለ ዋጋ የሚገኝ እርዳታ ነው።

ስድስተኛ፣ አጠገብ የሚተኛ ሰው ምስክር ነው። ትንፋሹ ሲቆምና ሲመለስ ያየ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ከታማሚው ጋር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ታማሚው ራሱ ተኝቶ ስለነበር ሊናገረው አይችልምና።

በመጨረሻም ወደ ወዳጃችን አባት እንመለስ። አዛውንቱ ተርፈዋል። በሆስፒታል ትርፉ ውኃ ወጥቶላቸው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ገንዳ ውሃ ተመልሰዋል። በዓመቱ ስንጠይቃቸው እንደቀድሞው በግቢያቸው፣ በአጎበር ሥር፣ በሁለት ትራስ ይተኙ ነበር። ሦስት ሳምንት ዘግይተናል፤ ለሌላ ሰው ሦስት ሳምንት ላይተርፍ ይችላል።

በአገራችን ሰላምታ ሁሉ የሚጀምረው ሌሊቱን በመጠየቅ ነው። «እንደምን አደሩ?» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እየተባለ ያልፋል። ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ልቡን የታመመ ሰው ካለ ጥያቄውን ጠይቃችሁ መልሱን እስኪጨርስ ድረስ ቁሙ። «ተቀምጬ» ካላችሁ ትራሱን ቁጠሩና ወደ ሐኪም ውሰዱት።